በየወሩ የሚመላለስ ሕማምና የሕክምናው ምርጫ

ለዚህ የቤተሰብ ጤና ዐምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ቀን በእጃችን ቆይቶአል። የቆየውም ቸል ብለነው ሳይሆን ነገሩ በአንድ ቃል የሚመለስ ባለመሆኑ ነው። ጸሓፊዋ 29 ዓመት የሆናት፥ በሥርዓተ ተክሊል ከተጋባች 3 ዓመት ያለፋት፥ ልጅ ገና ያላገኘች እኅታችን ናት። ከ14 ዓመት ዕድሜዋ ጀምሮ የወር አበባዋ በመጣ ቍጥር ሆድዋን ታቅፋ ሁለት ቀን ትተኛ እንደ ነበር፥ እናትዋ ጤና አዳም እያፈሉ ሲያጠጡአት እንዳደገች፥ ካገባች ወዲህ ሕማሙ ከወር አበባዋ ቀን አልፎ ሌላውን ቀን እንደ ወረሰባት፥ በሩካቤ ጊዜም እንደሚያስጨንቃት፥ ይህንንም ለባለቤትዋ እንኳ ሳትገልጥ ሁለት ዓመት እንደ ቆየች በዝርዝር ጽፋልናለች።

ባለፈው ጥቅምት ወር አንድ ሐኪም በአልትራሳውንድ መርምሮአት በግራው የእንቁላል ዕጢዋ ላይ አሮጌ ደም የቋጠረ 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ከረጢት አየና ሕማምዋ «ኢንዶሜትሪዮሲስ» እንደሚባል ነገራት። ሦስት መንገድም አቀረበላት፤ የወር አበባን የሚያቆም ክኒን በየቀኑ መዋጥ፥ ወይም ቀዶ ሕክምና፥ ወይም ሕማሙን በማስታገሻ እየቻሉ ልጅ መጠበቅ። ሐኪሙ ምርጫውን ለእርስዋ ትቶ ሲወጣ ምክሩ ከቤት ገባ። ባለቤትዋ፦ አንድ ጊዜ ተቀድደሽ ተገላገዪ ይላል። አማትዋ ደግሞ፦ ስትወልጂ ይተውሻል፥ እስከዚያው መድኀኒቱን ጥለሽ ጠበል ተጠመቂ ይላሉ። እርስዋ ግን ከሦስቱም ፈርታ፦ «እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትመርጡ ነበር?» ስትል ትጠይቀናለች።

ደብዳቤውን በዚህ ገጽ ለማውጣት ጥቂት አመንትተን ነበር። ጽሑፋችን በብዙ ቤት ከማዕድ በኋላ በልጆች ፊት የሚነበብ እንደ ሆነ እናውቃለንና። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም እንደ ተባለው፥ ይህ ሕማም በየጓዳው የኖረው ስሙን ለመጥራት ስለ ታፈረ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉት ሴቶችና ልጃገረዶች ከ100 ውስጥ 10 ያህሉ፥ ማለት በዓለም 190 ሚሊዮን የሚሆኑት ይህ ሕማም አለባቸው። እንግዲህ በአንድ አጥቢያ ስንት ቤት እንደሚነካ አንባቢ ይገምት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማኅፀን በውስጥ በኩል በስስ ሽፋን የተለበጠ ነው። ሽፋኑ በየወሩ ይወፍራል፤ ፅንስ ካልተገኘ ረግፎ ከደም ጋር ይወጣል፤ የወር አበባ የምንለውም ይኸው ነው። ይህ ሕማም ባለባት ሴት ግን ያንን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማኅፀን ውጭ፥ በእንቁላል ዕጢዎች፥ በሆድ ዕቃ ሽፋን፥ አንዳንድ ጊዜም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ በቅሎ ይገኛል። እርሱም የሆርሞንን ትእዛዝ ይሰማል፤ በየወሩ ያብጣል፥ ይደማል። ደሙ መውጫ በር ስለሌለው ባለበት ይቋጠራል፤ አካባቢው ይቈጣል፥ ጠባሳ ያበጃል፥ ብልቶችም እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ። በእንቁላል ዕጢ ላይ ሲሆን ደሙ ጠቍሮና ወፍሮ በከረጢት ይጠራቀማል፤ ሐኪሞች ከመልኩ የተነሣ የቸኮላታ ከረጢት ይሉታል።

የቪየናው ሐኪም ካርል ፎን ሮኪታንስኪ እ.ኤ.አ. በ1860 ስለዚህ ነገር ጽፎአል። አሜሪካዊው ጆን ሳምፕሰን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1927 ባሳተመው ጽሑፍ ከወር አበባው ደም ጥቂቱ በማኅፀን ቱቦዎች በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ በሆድ ውስጥ ስለሚፈስስ ነው ሲል አስረዳ። ደም ወደ ኋላ መመለሱ ግን በአብዛኞቹ ሴቶች የሚሆን ስለ ሆነ፥ በጥቂቶቹ ብቻ ለምን እንደሚበቅል ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ ይመራመራሉ። በዘር የመውረድ ጠባይ እንዳለው ታውቆአል። ከብርድ አይመጣም፤ ሾተላይም ዓይነ ጥላም አይደለም፤ ሴቲቱ ባደረገችው ነገር የተነሣ እንደ ቅጣት የወረደባትም አይደለም። ይህን የምንለው እኅታችን በደብዳቤዋ መጨረሻ «ምን በድዬ ይሆን?» የሚል ቃል ስለ ጨመረች ነው።

ወደ ምርጫው ስንመጣ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ ከሦስቱ መንገዶች አንዱም ሕማሙን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል አይደለም። ስለዚህ «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። «አሁን በዚህ ዓመት ከሁሉ አስቀድመን የምንሻው ምንድር ነው፤ ከሕማም ማረፍ ነው ወይስ ልጅ?» ተብሎ ከተጠየቀ ግን ሚዛኑ መታየት ይጀምራል። ምክንያቱም ክኒኑና ልጁ በአንድ ጊዜ አይገኙም።

ክኒኑ ከሁለት ዓይነት አንዱ ነው። አንደኛው ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሆርሞኖች የተቀላቀሉበት፥ ለወሊድ መቈጣጠሪያ የሚሰጠው የታወቀው ክኒን ነው። ሁለተኛው ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት ነው፤ በየቀኑ 2 ሚሊግራም የሚወሰደው ዲየኖጄስት ከዚህ ወገን ነው። በየ3 ወሩ የሚወጋው መርፌ፥ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ዘንግ፥ በማኅፀን ውስጥ ተቀምጦ ሌቮኖርጄስትሬል የሚባለውን ሆርሞን በጥቂት በጥቂቱ የሚለቅቀው መሣሪያም ዘመዶቹ ናቸው። ሁሉም የማኅፀኑን ሽፋንና በውጭ የበቀለውን ሥጋ ያሳሳሉ፤ መድማቱን ይቀንሳሉ ወይም ያቆማሉ። ብዙ ሴቶች ከእነዚህ በአንዱ ከዓመታት በኋላ የመጀመሪያውን ሰላማዊ ወር አይተዋል። ሲተዉት ግን ሕማሙ መመለሱ የተለመደ ነው፤ እየወሰዱትም መፀነስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶና የሥነ ፅንስ ማኅበር ለሐኪሞች ባወጣው መመሪያ፥ ልጅ ለምትሻ ሴት ፅንስ ይቀናት ዘንድ ብሎ ይህን የሆርሞን መድኀኒት ማዘዝ እንደማይገባ አስታውቆአል። በሌላ በኩል ክኒኑ ማኅፀንን ለዘለዓለም ይዘጋል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሲተዉት የእንቁላል ዕጢው ወደ ሥራው ይመለሳል። መርፌው ብቻ ይለያል፤ መርፌውን ካቆሙ በኋላ እስኪፀነስ ድረስ ብዙ ጊዜ ወደ 10 ወር ሊቈይ ይችላል። መርፌው በአገራችን ከሁሉ የታወቀው ስለ ሆነ፥ ልጅ በቅርብ የምትሻ ሴት ይህን ሳታውቅ ባትወስደው መልካም ነው።

ኢስትሮጅን ያለበት ክኒን የደም መርጋት ላገኛት፥ የደም ግፊትዋ ከፍ ላለ፥ ወይም ዓይንዋ እየተብለጨለጨባት ከባድ የራስ ምታት ለሚይዛት ሴት አይሰጥም። ስለዚህ ከጎረቤት ተውሶ የሚዋጥ መድኀኒት አይደለም። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለበት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ የሚል ደም ያመጣል። ይህን በሌላ አገር የተጻፉ የሕክምና መጻሕፍት እንደ ቀላል ነገር ያልፉታል፤ ለእኛ ቤት ግን ቀላል አይደለም። ሴት በደምዋ ጊዜ ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባትዋ የታወቀ ሥርዓት ነውና፥ ቀኑ ያልተወሰነ ደም ከቅዳሴና ከቍርባን ወራት ሊያርቃት፥ እርስዋንም ሊያሳዝናት ይችላል። እኛ የምንመክረው፥ ይህን ለሐኪሙ አስቀድማ በግልጥ እንድትነግረው ነው፤ ሌላ ዓይነት ወይም ሌላ መጠን ሊመርጥላት ይችላልና። ስለ ሥርዓቱ ግን የሚናገሩአት የንስሐ አባትዋ ናቸው። ክኒኑ የወሊድ መቈጣጠሪያ መሆኑ ኅሊናዋን የሚከብዳት ከሆነም ለእርሳቸው ስትነግር የተሰጣት ለሕማም መድኀኒት እንደ ሆነ ሳትሸሽግ ታስረዳ። በእኛ አስተያየት አንድን መድኀኒት ለሕማም መውሰድና ልጅን ጠልቶ መውሰድ አንድ ነገር አይደለም።

ከእነዚህ የበረቱም አሉ። ሊዩፕሮላይድና ጎሴሬሊን የተባሉት መርፌዎች የእንቁላል ዕጢውን ሥራ ፈጽመው ያስተኛሉ፤ ሴቲቱም ለጊዜው እንዳረጠች ትሆናለች። ሙቀት ይወርሳታል፤ አጥንትዋም ይሳሳል። ስለዚህ ብቻቸውን ከ6 ወር በላይ አይሰጡም፤ ከዚያ የሚበልጥ ሲሆን አጥንትን የሚጠብቅ ጥቂት ሆርሞን ይጨመርባቸዋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ኤላጎሊክስ፥ በ2022 ደግሞ ከሆርሞን ጋር የተቀናበረው ሬሉጎሊክስ የተባሉ በአፍ የሚዋጡ ተፈቅደዋል። ውድ ናቸው፤ ለእኅታችን ጥያቄም የመጀመሪያ መልስ አይሆኑም።

ባለቤትዋ ወዳለው ወደ ቀዶ ሕክምና እንለፍ። «አንድ ጊዜ ተቀድደሽ ተገላገዪ» ያለው ከርኅራኄ እንደ ሆነ አንጠራጠርም፤ የሚወዱትን ሰው ሕማም ሲያዩ ኖሮ ቢላዋ እንኳ አጭር መንገድ ይመስላል። በእርግጥም ላፓሮስኮፒ በሚባለው ዘዴ፥ በእንብርት በኩልና በጥቂት ትንንሽ ቀዳዳዎች መመልከቻ መሣሪያ አግብቶ የበቀለውን ሥጋ መቍረጥና የተጣበቀውን ማላቀቅ ለብዙዎች ትልቅ ዕረፍት ሰጥቶአል፤ ሕማሙ ገና ያልተስፋፋባቸውም ከዚያ በኋላ የመፅነስ ዕድላቸው ከፍ ሊል ይችላል። ነገር ግን «አንድ ጊዜ» የሚለው ቃል አይጸናም። የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ የተመለከቱ ሐኪሞች እንደሚሉት ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሌላ መድኀኒት ካልተከተለ በ5 ዓመት ውስጥ ከ10 ሴቶች ወደ 4 ወይም 5 የሚሆኑት ሕማሙ ይመለስባቸዋል።

ከዚህም የሚከብደው የከረጢቱ ጉዳይ ነው። ከረጢቱ ተገፍፎ ሲወጣ ከጤነኛው የእንቁላል ዕጢ ጥቂት አብሮ ይሄዳል። ሴት የምትወለደው ከተወሰነ የእንቁላል ቍጥር ጋር ነውና የሄደው አይተካም። ፈሳሹን በመርፌ ቀድቶ መተው ደግሞ ዕጢውን ቢቈጥብም ከረጢቱ ፈጥኖ ይሞላል። ስለዚህ ልጅ የምትሻ ሴት ከመቀደድዋ በፊት የእንቁላልዋ መጠን ምን ያህል እንደ ሆነ በደም ምርመራ ወይም በአልትራሳውንድ ይታይላት ዘንድ ብትጠይቅ መብትዋ ነው። የሚቀድዳት ማን እንደ ሆነም ትጠይቅ፤ ስንት ሴት እንዲህ እንዳከመ መጠየቅ ሐኪምን መናቅ አይደለም። በዚህ የሠለጠኑና መሣሪያው ያላቸው በአገራችን ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም በአዲስ አበባ ይገኛሉ። ሆድን በሰፊው ከፍቶ በችኰላ ከሚደረግ ሥራ ጥቂት ወር ተራ መጠበቅ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ማኅፀንን ፈጽሞ ማውጣት ግን ልጅ ወልደው ለጨረሱ፥ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ላልሆነላቸው የሚተው የመጨረሻ በር ነው፤ እርሱም ቢሆን በሌላ ቦታ የበቀለው ከቀረ ሕማሙን ላያስቀር ይችላል።

የአማትዋ ምክር ሁለት ነገር አለበት፤ ለየብቻ እንየው። «ስትወልጂ ይተውሻል» የሚለው ከአያቶቻችን የመጣ ቃል ነው፤ በእርግዝና ጊዜ የወር አበባ ስለሚቀር ለብዙዎች ለጊዜው ይቀልላቸዋል፤ እናቶችም ይህን አይተው ተናግረዋል። ነገር ግን እርግዝና መድኀኒቱ አይደለም፤ ከወለዱ በኋላ የተመለሰባቸው ብዙዎች ናቸው። ከላይ የጠቀስነው የ2022 መመሪያም ሐኪሞች ሕማሙን ለማከም ብለው ውለጂ ብለው እንዳይመክሩ ይናገራል። ይህን አበክረን የምንጽፈው በዚህ ቃል የተነሣ ዕድሜዋ ሳይደርስ ወደ ትዳር የተቻኰለች ልጅ እንዳለች ስለምናውቅ ነው። ደግሞም ይህ ሕማም ካለባቸው ሴቶች ከ30 እስከ 50 በመቶ የሚሆኑት ለመፅነስ ይቸገራሉ፤ እንዲህ ላለችው ሴት «ውለጂና ይተውሻል» ማለት የጠፋውን ቍልፍ ከተቈለፈው ሣጥን ውስጥ ፈልጊ እንደ ማለት ነው።

ስለ ጠበሉ ግን ከአማትዋ ጋር አንጣላም። የምንጣላው «መድኀኒቱን ጥለሽ» ከሚለው ቃል ጋር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በእንጦጦ ለሚጠመቁት የኤች.አይ.ቪ. ሕሙማን ጠበሉንና መድኀኒቱን አብረው እንዲወስዱ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ መናገራቸውን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ለዚያ ለከባዱ ደዌ የተባለው ለዚህ ይከለከላል ብለን አናስብም። ሱባኤ የምትገባ ከሆነ ክኒንዋን ይዛ ትግባ።

ማስታገሻውን በሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። አይቡፕሮፌንና መሰሎቹ ሕማሙ ከጸና በኋላ ከሚወሰዱ ይልቅ ገና ሲጀምር በሰዓታቸው ቢወሰዱ ይበልጥ ይረዳሉ። በባዶ ሆድ ግን ጨጓራን ይጎዳሉ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቈይ ሴት ያለ ምግብ ስትውጣቸው አንዱን ሕማም በሌላ ትለውጣለች፤ ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሦስት ቀኖች ስለ ጾሙ ሰዓት ከንስሐ አባትዋ ጋር ትመካከር። ትኩስ ውኃ በጠርሙስ አድርጎ በጨርቅ ጠቅልሎ በሆድ ላይ ማኖርም ያስታግሣል፤ ከመድኀኒቱ ጋር አይጣላም።

በደብዳቤው ውስጥ ፈልገን ያጣነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም የባለቤትዋ ምርመራ ነው። ሦስት ዓመት ልጅ ሲታጣ እርስዋ በአልትራሳውንድ ታይታለች፥ ደምዋ ተመርምሮአል፥ ጠበል ተመክራለች፥ ቀዶ ሕክምና ታስቦላታል፤ ወንድማችን ግን አንድ ቀን እንኳ ለምርመራ እንደ ሄደ አልተጻፈም። ልጅ ካጡ ባልና ሚስት መካከል በግማሽ ያህሉ የወንዱም ድርሻ ይገኝበታል። የእርሱ ምርመራ ቀላልና ከሁሉ ርካሽ ነው። ሚስት የእንቁላል ዕጢዋን ለቢላዋ ከመስጠትዋ በፊት ባል የአንድ ጧት ሰዓቱን ለምርመራ ቢሰጥ አይበዛበትም፤ አማቲቱም ቢሰሙት ቅር የሚላቸው አይመስለንም።

እንግዲህ የተጠየቅነውን አንሽሽ። እኛ አጠገብዋ ያልቆምን ነንና የሐኪምዋን ቦታ አንወስድም፤ በእኛ ቤት የሆነ ቢሆን ግን እንዲህ እናደርግ ነበር። በመጀመሪያ ባልና ሚስት ብቻቸውን ተቀምጠው ልጅ አሁን ወይስ ዕረፍት አሁን የሚለውን ይቍረጡ፤ ይህ የአማትም የሐኪምም ውሳኔ አይደለም። ልጅ ካሉ፥ የእርሱ ምርመራ፥ የእርስዋ የእንቁላል መጠንና የማኅፀን ቱቦዎችዋ መከፈት ይታወቅ። ሁሉ ደኅና ሆኖ ሕማሙ የሚቻል ከሆነ በማስታገሻ እየተረዱ ለጥቂት ወራት መጠበቅ፥ ወይም ሐኪሙ ካመነበት በሠለጠነ እጅ የሚደረገውን ላፓሮስኮፒ መቀበል ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በከንቱ የማይጣሉ ናቸው። የእንቁላልዋ መጠን ያነሰ ወይም ቱቦዎቹ የተዘጉ ሆነው ከተገኙ ደግሞ ቢላዋውን ወደ ኋላ ትቶ የመካንነት ሕክምና ወደሚሰጥበት መሄድ ይቀድማል፤ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ይህ ሕክምና በመንግሥት ቤት ይሰጣል። ሕማሙ ግን ጕልበትዋን ጨርሶ፥ ከባለቤትዋ ጋር መተኛትን የሚያስፈራ ከሆነ፥ ስድስት ወር ክኒን ወስዶ ማረፍ ጊዜን ማባከን አይደለም። በ29 ዓመትዋ ይህ ዕረፍት ይፈቀድላታል፤ 38 ዓመት ቢሆናት ኖሮ ምክራችን ሌላ በሆነ ነበር።

ከደብዳቤው በታች በሌላ ቀለም የተጨመረ ሁለት መስመር አለ፤ የ16 ዓመት ታናሽ እኅትዋም በየወሩ ከትምህርት ቤት እንደምትቀር፥ እናትየው ግን ልጅቱ ያላገባች ስለ ሆነች የማኅፀን ሐኪም ጋ መውሰድ እንዳፈሩ ይናገራል። እናት አይፍሩ። ያላገባች ልጅ በውስጥ በኩል መመርመር የለባትም፤ አልትራሳውንዱ በሆድዋ ላይ ይደረጋል፤ ካልበቃም ኤም.አር.አይ. አለ። እንደ ቀድሞው ሕማሙን ለማወቅ ብቻ ሲባል ልጅቱን መቅደድም አሁን ግዴታ አይደለም፤ ሐኪሙ ቃልዋን ሰምቶ በማስታገሻና በሆርሞን መጀመር ይችላል። ለሐኪሙ የሚጠቅመውን ከዛሬ ጀምሮ ራስዋ ማዘጋጀት ትችላለች፤ የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን፥ ሕማሙ የጀመረበትንና የተወበትን ሰዓት፥ የወሰደችውን መድኀኒት፥ ከትምህርት የቀረችበትን ቀን ሁሉ በአንድ ደብተር ትጻፍ። የሦስት ወር ጽሑፍ ሲሞላ እናትና ታላቅ እኅት ይዘዋት ይሂዱ፤ ደብተሩንም ለሐኪሙ ልጅቱ ራስዋ ትስጠው።